ቀጥ ያለ ክንድ

ዘሚራ ስትወረውር ሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ ያፏጫል፤ ጸደንያ ስትወረውር ግን ተመልካቹ ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ይጀምራል። የሞጣዋ የነጋዴ ልጅ ዘሚራ ፈጣን፣ ቀልደኛና ድምፀ ጉልህ ናት። የቢቸናዋ ጸደንያ ቃላት ትቆጥባለች፤ ኳሷም እንደ እርሷው ዝግ ያለ ነው። በዚያ ቅዳሜ የሁለቱ ከተሞች የክሪኬት ቡድኖች ሞጣ ላይ ተገናኙ። ዘሚራ ከመቺዎቹ ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ ደጋግማ ጣለቻቸውና ሞጣ አሸነፈ።

«አንበሳ ነሽ!» አለቻት ጓደኛዋ ሲሃም እያቀፈቻት። «ለብሔራዊ ቡድን የሚመለምሉት ሰውዬ ሲመጡ ካንቺ ሌላ ማንን ሊመርጡ ነው?»

ጸደንያ ውኃዋን ጠጥታ ስታበቃ ጠጋ አለች። «ዘሚራ፣ አትቀየሚኝና ክርንሽ ይታጠፋል። እኛም ከማሳ ወፍ ስናባርር ድንጋይ የምንወረውረው እንደዚያ ነው። በክሪኬት ግን አይፈቀድም፤ ክንድ ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። ልማዱ እኔንም በቀላሉ አልለቀቀኝም።»

«ስትሸነፉ ነው እንዴ ሕግ የሚታወሳችሁ?» ሲሃም ሳቀች።

ዘሚራ ግን ወደ አሰልጣኛቸው ወደ መምህር ስጦታው ዞረች። እርሳቸው ጎንበስ ብለው እንጨቶቹን ይነቅላሉ።

«ቲቸር፣ እውነት ነው?»

«ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ስታሸንፉ ደስ ስለሚለኝ ዝም አልኩ። እርስ በርሳችን ስንጫወት አይተን እንዳላየን እናልፋለን፤ አገርሽን ወክለሽ ስትወጪ ግን የውጭ ዳኛ አያልፍሽም።»

«ክንዴን ላቅና ብልስ?»

«ፍጥነትሽ ይጠፋል። መልማዩ እስኪመጡ የሚመለስም አይመስለኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ዘሚራ ጓሮ ገብታ ክንዷን አቅንታ ወረወረች። ኳሱ አጥሩ ጋ እንኳን ሳይደርስ ወደቀ፤ አንዲት ዶሮ ቀርባ ነካ ነካ አደረገችው።

ምሳ ላይ አባቷ ሙሐመድሸሪፍ፣ ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በልጃቸው ዝና እንዴት እንዳደነቆሩት እየሳቁ ይተርኩ ነበር። ዘሚራ ጉርሻዋን ዋጠች።

«አባ፣ እማ፣ አንድ ነገር ልናገር። እስከ ዛሬ የወረወርኩት ከሕግ ውጭ ነው። ከእንግዲህ ክንዴን አላጥፍም፤ መልማዩም ፊት ቢሆን። ስለዚህ ላልመረጥ እችላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና እየሄድኩ ከጸደንያ ጋር ልለማመድ ነው።»

«ካሸነፍሻት ልጅ ዘንድ?» አሉ እናቷ ዘይዳ።

«እኔ ለደንበኛው ሁሉ አውርቼ!» አሉ አባቷ።

«እንግዲያው ስሸነፍም ያውሩልኝ፣ አባ» አለች ዘሚራ፤ ቀጥላም የቢቸና መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀቻቸው።