ያልተንኳኳው የወንድም በር

ከከተማዋ ግርጌ፣ ከቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ገንዳዎች አጠገብ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ነበረች። ሰፈሩ «እትዬ ገንዳ» ይላታል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ዞር ስትል አፍንጫውን ይዞ። አይ የሰው ነገር! ከየመጸዳጃ ቤቱ የሚወርደውን ጉድ ሁሉ ተቀብላ፣ ዝቃጩን በአካፋ ዝቃ፣ ውሃውን አጣርታ ወደ ወንዙ የምትለቅለት እሷ አይደለችም እንዴ? እናትና አባቷ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው፣ ያስተማረችውና የዳረችው በዚሁ ሥራ ነው። እሱም ከወንዙ ዝቅ ብሎ አትክልት እያለማ፣ ሚስቱንና አንዲት ሴት ልጁን ይዞ ይኖር ነበር። ልጅቷ አክስቷን ስታይ እግሯ ላይ ትጠመጠማለች።

ዝናብ በርትቶ ገንዳው ሊሞላ ሲል፣ መዝጊያው ተከፍቶ ያልተጣራው ውሃ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ያኔ እሷ ቀድማ በወንዙ ዳር በር እያንኳኳች ትዞራለች። «ዛሬና ነገ ከወንዙ እንዳትቀዱ» ትላለች። ማንም አላዘዛትም። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከወንድሟ ቤት ነበር።

አንድ ቀን ግን ዝናቡ ጊዜ ነሳት። የባዳውን በር ሁሉ አዳረሰች፤ የወንድሟን ዘለለችው። የራሴ ሰው ነው፣ ዝናብ ሲጥል የሚሆነውን ከእኔ እኩል ያውቃል ብላ! እሱ ደግሞ፣ እትዬ ካልመጣች መዝጊያው አልተከፈተም ብሎ ተቀመጠ። መተማመናቸው ጉድ ሠራቸው… ልጅቷ በሦስተኛው ቀን በተቅማጥና በትውከት ደክማ አረፈች።

ከቀብር መልስ ወንድሟ «ከእንግዲህ እህት የለኝም» አላት። እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ ዝናብ በበረታ ቁጥር በሩን አንኳኩታ፣ መልእክቷን ተናግራ፣ መልስ ሳትጠብቅ ትመለስ ነበር።

በመጨረሻ ልቧ ደከመ። ሐኪሙ «ዘመድ ካላት ይምጣ» አለ። የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ወንድሟን አይታ መሞት። ይመጣ ይሆን? የልጁን ሞት ማን ይረሳል? ሁለት ሳምንት ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

አንድ ቀን ከሰዓት መጣ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ደፍርሶ አይቼዋለሁ፤ ሸቶኛልም። የጎርፍ ነው ብዬ ሳላፈላ አጠጣኋት። ጥፋቱን መሸከም ቢያቅተኝ አንቺ ላይ ጫንኩት።»

«አውቃለሁ» አለችው። «በለቅሶው ቀን የቀዳህበትን ባልዲ አይቼዋለሁ። ዝቃጭ ነበረበት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ያልቻልከውን እኔ ካልያዝኩልህ ማን ይይዝልሃል?»

እጇ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ እንደ ልጅነቱ ራሱን ዳበሰችው። ሌላ ሴት ልጅ መውለዱን በወሬ ሰምታ ነበርና ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችው።

«ሕፃኗን ውሃ ከየት ነው የምታጠጣት?»

«ከወንዙ ነዋ፣ አፍልቼ። አንቺ አጣርተሽ ከምትለቂው። ካንቺ ሌላ ማንን ላምን?»

«ተመስገን» አለች። በማግስቱ እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

ዕድል አራት ዓመት ነጥቃ አንዲት ቀን ብቻ መለሰችላቸው። ታንስ ይሆናል፤ እኔ ግን አመሰግናታለሁ። ስንት ወንድምና እህት አለ፣ ያቺን እንኳ ሳያገኝ የተቀባበረ!