በሽር የመረጠው ውድድር

በሽር ቅዳሜ ጠዋት፣ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር በሚኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1986፣ የፌብሩዋሪ ብርድ የከረረበት ሰሞን ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ ሳምንት ስላለፈው ፖሊሱ «ወድቆ ነው» ብሎ ሄደ።

አብራው የምትኖረው እህቱ ዘይነብ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም፤ አጸደን አስጠራች። አጸደ አዲስ አበባ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ቶሮንቶ ውስጥ ግን የልብስ መደብር ጥበቃ ናት። ጉዳዩ እንዲመረመር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ብትጠይቅም የሰማት የለም። እየተብሰለሰለች ተመለሰች።

«ምን ተጫምቶ ነበር?» ስትል ዘይነብን ጠየቀቻት።

«ነጠላ ጫማ። ኮትም አልደረበም።»

በዚያ ብርድ እንዲያ ሆኖ ከቤት የሚወጣ የለም። በሽር እንግዳ ሊሸኝ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

እቤቱ የሚመጡት መርዕድ፣ ኢዮብና ተሻገር ብቻ ነበሩ። አራቱ ጓደኛሞች አንድ ላይ ሆነው ፖከር በሚባለው የካርታ ቁማር ሊወዳደሩ አስበው፣ የትኛው ውድድር ያዋጣል በሚለው ስድስት ወር ተጨቃጭቀዋል። በትልቁ ሁለት መቶ ሰው ገብቶ ጥቂቱ ብዙ ይወስዳል፤ በትንሹ አሥር ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ ሦስቱ ይከፈላቸዋል። በሽር ሁልጊዜ ለትልቁ ነበር የሚሟገተው። አርብ ማታ ግን የራሱን የዓመት ውጤት ሲያይ፣ ትልቁን አሥራ አራት ጊዜ ሞክሮ አንዴ፣ ትንሹን ሠላሳ ጊዜ ሞክሮ አሥራ ሦስቴ ቀንቶታል። ሐሳቡን መቀየሩን ቅዳሜ ቁርስ ላይ ለዘይነብ ነገራት። እሷ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ሄደች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ጎረቤት ሬሳውን አገኘ። ስልካቸው ከተቆረጠ ወር ሆኖታል።

አጸደ ሦስቱን ለየብቻ አነጋገረች። ሁሉም በሽርን ከረቡዕ ወዲህ እንዳላዩት ነገሯት። በሽር ቢኖር የትኛውን ይመርጥ ነበር ብላ ስትጠይቅ፣ ኢዮብና ተሻገር ያለማመንታት ትልቁን አሉ። መርዕድ ግን ፊቱን አጨፍግጎ «ትንሹን ነዋ» አላት።

እሑድ ከሰዓት ሁሉንም በሽር ቤት ሰበሰበቻቸው።

«በሽር የሞተው እንግዳ ሲሸኝ ነው» አለች። «እስከ ረቡዕ የምታውቁት ትልቁን እንደሚመርጥ ነው። የቀየረው አርብ ማታ ነው። ስልክ የለውም፤ ዘይነብም ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። መርዕድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካልመጣህ ትንሹን እንደመረጠ ከማን ሰማህ?»

መርዕድ ወደ አጸደ ዞረ። «እትዬ አጸደ፣ ስድስት ወር ሙሉ ትልቁ ነው የሚያዋጣው ሲለኝ ከረመ» አለ። «እሱን አምኜ ሥራዬን ኩዊት አድርጌ ቤት ቀረሁ። ከዚያ ተሳስቻለሁ ይለኛል! ተናድጄ ወጣሁ፤ ተከትሎኝ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። መስማት ታክቶኝ ነበር፤ ገፈተርኩት።»

ዘይነብ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«ብትሰማው ኖሮ ይነግርህ ነበር» አለችው። «ትልቁ ውስጥ ከገባን መርዕድ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ ትንሹ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የቤት ኪራዩን ይሸፍንለታል ብሎኛል። ያን ሁሉ ሲያሰላ ያመሸው ላንተ ብሎ ነው።»

መርዕድ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ኢዮብ ከጎረቤት ለፖሊስ ሊደውል ወጣ።