ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ የመጣው ፉጨት

ስማኝ ወዳጄ፣ እኔ መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ጠጥተህ ነበር ወይ?" ብዬ የማሾፍ ሰው ነኝ። ስንት ዓመት ሰሜን ተራራ ላይ ቱሪስት ሳስጎበኝ፣ ገደል አፋፍ ድንኳን ውስጥ ሳድር፣ ከጅብና ከንፋስ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ስለዚህ ይቺን የምነግርህ እመን ብዬ አይደለም፣ እኔም ራሴ አምኜ አልጨረስኩም።

ነገሩ የጀመረው ጨነቅ ካምፕ ነው። ፀጉሩን እንደ ባህታዊ ያስረዘመ አንድ ፈረንጅ እንግዳ ነበረኝ፣ ደግ ሰው፣ ግን ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ለእራት እንኳ አያወልቅም። ምንድነው እንዲህ የያዘህ ብዬ ብጠይቀው ሜታል የሚሉት የሮክ ሙዚቃ ነው አለኝና የማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ሰጠኝ። በማርያም፣ መጀመሪያ የቆርቆሮ ቤት ሲፈርስ ነው የመሰለኝ! ልመልስለት ስል ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ጊታሩ ብቻውን ወጣና አለቀሰ፣ አዎ አለቀሰ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ ሆዴን አባባው። እንግዳዬ ሳቀና የሚሰማውን አልበም እንዳለ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። የሙዚቃ ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ካወጣቸው አልበሞች ሁሉ እየተመረጠ የተሰበሰበ ነው፣ በተርታ ስትሰማው ዘፋኙ መጀመሪያ ላይ ጎረምሳ ነው፣ እየቆየ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሰክናል፣ ወደ መጨረሻው ያረጃል። ቋንቋውን በወጉ ሳልይዘው አንድ ሰው ሲያረጅ ሰማሁ ማለት ነው።

ይኼ ነው ወንድሜን ያስታወሰኝ። ታላቄ ጋሻው የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በጦርነቱ መንገዱ ሊዘጋ ሲል ጭነት ይዞ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወረደ፣ ከታች ከዛሪማ ደወለና "ነገ ማታ ቤት ነኝ፣ እራቴን እንዳትበላብኝ" አለኝ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ መኪና የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ። ሲያረጅ ልሰማው የሚገባኝ ድምፅ የሱ ነበር እኮ! ከሱ ጆሮዬ ላይ የቀረው ፉጨቱ ነው። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ወደ ቤት ሲመጣ የሚያፏጫት፣ ራሱ የፈጠራት፣ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ ወጥታ ቁርጥ የምትል ዜማ ነበረችው፣ እናታችን ከሩቅ ትሰማና ወጡን ታሞቅለታለች።

ታዲያ ከጨነቅ ስንመለስ መኪና ውስጥ አልበሙን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፣ ጊታሩ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ከዚያ ፉጨት መጣ። ያቺው ዜማ፣ ወደ ላይ ወጥታ ቁርጥ። "ይኼ የሚያፏጨው ማነው?" ብዬ ማዳመጫውን ለእንግዳዬ ሰጠሁት። ደጋግሞ ሰማና "የምን ፉጨት?" አለኝ።

ድካም ነው ብዬ ተውኩት፣ ምን ላድርግ። ደግሞም በዚያ እሁድ ለጋሻው ልናለቅስለት ነበር። ስንት ለምኛት፣ የንስሐ አባታችንን ልኬባት፣ እናቴ እርሟን ለማውጣት እሺ ያለችው ገና በዚያ ሰሞን ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ያለበትን ቤት ያየ ያውቀዋል፣ እናቴ ሰርግ አትሄድ፣ ጥቁር አትለብስ፣ ማታ ማታ የእራት ድርሻውን ከድና ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ለውሻው ትሰጠዋለች። እንድታርፍልኝ ነው የፈለግኩት፣ እኔም እንዳርፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከተማችንን ደባርቅን ጉም ውጧታል፣ የእድር ሰዎች ድንኳኑን ግቢያችን አራግፈው ሄደዋል፣ እናቴ ለለቀስተኛ የሚሆን ምስር ትለቅማለች። እኔ ደግሞ ልቤ አላርፍ አለኝና ያን የመጨረሻ ዘፈን ጮክ አድርጌ ከፈትኩት።

"ምንድነው ይኼ፣ ሰው እየታረደ ነው?" አለችኝ።

"ቆይ እማዬ፣ ጊታሩ እስኪመጣ።"

ጊታሩ መጣ። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "አወይ፣ ይኼስ ሆድ ያባባል" አለች።

ዘፈኑ አለቀ። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ እመነኝ፣ ዝም ብሏል። ፉጨቱ ግን መጣ፣ ከስልኩ ሳይሆን ከአጥሩ ውጪ፣ ከጉሙ ውስጥ።

ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ። "ጋሻው! ተነስ አንተ፣ በሩን ክፈትለት!"

ሮጬ ከፈትኩ። ሰው የለም፣ ጉም ብቻ። ግን ቦቢ፣ እንግዳ ሰው ከሩቅ ሲሸተው ግቢውን የሚያናውጠው የጋሻው ውሻ፣ አንዴ እንኳ አልጮኸም። ጭራውን እየቆላ በአጠገቤ አለፈ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ፣ ቆይቶ ብቻውን ተመለሰ።

እናቴ ድንኳኑን አስመለሰች። የንስሐ አባታችን ሊመክሯት ቢመጡ "ይፍቱኝ አባ፣ በቁሙ አላለቅስበትም፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" አለቻቸው። ወደ እኔ ዞረው "አንተስ ሰምተሃል?" አሉኝ። "ሰምቻለሁ አባ" አልኩ፣ ሰምቻለሁ እኮ።

ከዚያ ወዲህ የውጭ በራችን አይቀረቀርም። ጉም በወረደ ቁጥር "እስቲ ያን ጩኸትህን ክፈተው" ትለኛለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ ዘፋኙ ያረጃል፣ ዘፈኑ ያልቃል፣ ፉጨት የለም። ናፍቆቱ ይገድለኛል ወዳጄ፣ ግን ቢመጣም እፈራለሁ። እሷ እቴ! "ወደ ቤት እየቀረበ ነበር እኮ፣ አጥሩ ጋ ደርሶ ነበር" ትልና ወጡን ልታሞቅ ትነሳለች።

ያን ቀን እኔ የሰማሁት ፉጨት ግን ከአጥራችን ተነስቶ ወደ አስፋልቱ ሲርቅ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።