ጎረቤቱ የጎደለበት

የዊልፍ ሃዋርዝ አስከሬን አልስዋተር ሐይቅ ዳር መገኘቱ ለጓደኞቹ የተነገራቸው ሊቨርፑል ላይ፣ ቁርስ እየበሉ ነው። ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው ሆቴል መስኮት ውጭ የባሕር አሞሮች ይንጫጫሉ። ነጋሪዋ ካፖርቷ ገና ያልደረቀ አጭር ሴት ናት፤ ኢንስፔክተር ጋስካርት ትባላለች። አስከሬኑ ከተገኘበት ከሐይቆቹ አገር ጎህ ሲቀድ ተነስታ ነው የመጣችው። አብሯት የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወይዘሮ ሃዋርዝ» አለች ጎንበስ ብላ፤ «ባለቤትዎን አግኝተናቸዋል። ግን ሞተዋል።»

ኢኒድ ሃዋርዝ አልጮኸችም። ጄሶ ባልታሰረበት እጇ ሰሃኗን በቀስታ ገፋችው። እህቷ ሞድ ትከሻዋን አቀፈቻት። የቤተሰቡ የጥንት ወዳጅ ራልፍ ታተርሶል «ምስኪን ዊልፍ! ምስኪን!» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ሹፌሩ ክሊፍ ኦርመሮድ ግን ግድግዳውን ተደገፈ። ሰውየውን ጥሎት የመጣው እሱ ነው።

ክሊፍ እነዚህን የአክሪንግተን ከተማ ሰዎች በየበጋው ያንሸራሽራቸዋል። ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ክለብ አላቸው፤ ግማሾቹ ጡረተኞች፣ ሁሉም ቀልደኞች ናቸው። ሰው ሲቆጥራቸው አይወዱም፤ «በግ ነን እንዴ?» ይሉታል። ስለዚህ ክሊፍ ከአባቱ እንደወረሰው ያደርጋል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት «ጎረቤቱ የጎደለበት አለ?» ብሎ ይጮኻል። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ያልመጣለት ይናገራል። ዝም ካሉ ሞልተዋል ማለት ነው።

ትናንትም ከሐይቁ ሲነሱ ጠይቆ ነበር። ዝም አሉ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እርጥብ ልብስ አውቶቡሱን በጉም ሞልቶታል፣ በስፖኪዮው ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ አይታይም። ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። ጉልበቱን አሞት ነበር፤ የፔርሙዙ ሻይም ገና ትኩስ ነበር። አልተነሳም። ዊልፍ እንደሌለ የታወቀው ሆቴል ደርሰው የክፍል ቁልፍ ሲታደል ነው።

ኢንስፔክተሯ በመጀመሪያ የጠራችው እሱን ነው። በእንግዳ ማረፊያው ክፍል፣ የሻይ በራድ ከፊቷ አስቀምጣ፣ ሻይዋን በስኳር አጥለቅልቃ ጠበቀችው።

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«አውቶቡሱ ውስጥ። ሻይ ስጠጣ።»

«ያየዎት አለ?»

«የለም። ሁሉም እግሩ ወዳደረሰው ሄዶ ነበር።» ክሊፍ ኮፍያውን በእጁ ጨመቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኢንስፔክተር። ተነስቼ ባይ ኖሮ—»

«ቀስ ይበሉ። ጥፋትን ማከፋፈል የኔ ሥራ ነው፤ አይሻሙኝ።» ሻይዋን አማሰለች። «አቶ ሃዋርዝ ተንሸራተው አልሞቱም። የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል። አንድ ሰው ሸሚዛቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጦ ገፍትሯቸዋል፤ የራስ ቅላቸውን ድንጋይ መታው። ከውሃው ዳር በደረታቸው እየተሳቡ ወጥተው፣ ከመንገዱ በታች ያለው የአጥር በር ሥር ነው የተገኙት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገጠር ሲሄዱ የአጥር በር ክፍት ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

ክሊፍ ግር አለው። «እዘጋዋለኋ።»

«አሃ» አለች፤ ጫማውን አየችው። ከዚያ ፊቱን። «እዚሁ ቁጭ ይበሉ። ማን የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ኢኒድ ገባች። ዓይኗ ደርቋል።

«ከባለቤትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው። ገና ከቤት ሳንወጣ ጀመርን። አውቶቡሱ ላይ አጠገቡ አልቀመጥም ብዬ ከሞድ ጋር ተቀመጥኩ፤ ሞድ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ራልፍም ወደ ዊልፍ ሄደ።» ጄሶዋን በጣቷ ፈተገች። «ልጃችን ኮሊን የሞተው እዚያ ሐይቅ ላይ ነው። ወጣት ሳለ ከራልፍ ጋር ጀልባ ይዘው ወጡ፤ ኮሊን ቆሞ ሲጫወት ጀልባዋ ተገለበጠች። የፈቀደለት ዊልፍ ነው። እኔ እንቢ ብዬ ነበር። በየዓመቱ አበባ እንጥላለን፤ በየዓመቱ እዚያው ስንደርስ አፌን መያዝ ያቅተኛል። ትናንት ምሳ ቤቱ ውስጥ በሰው ፊት 'ልጄን የገደልከው አንተ ነህ' አልኩት።»

«እሳቸውስ?»

«እንደ ሁልጊዜው ዝም አለ። አበባውን አንስቶ ብቻውን ወረደ። እኔ ንዴቴ እስኪበርድ ጃንጥላ ይዤ መንገዱን ዳር ዳሩን ሄድኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ከጠየቁኝ አይቀር።»

«የአጥር በር ክፍት ቢያገኙስ?»

«በር የዊልፍ ሥራ ነው» አለች ኢኒድ። ከዚያ የተናገረችው ለራሷ ተሰማትና አፏን ሸፈነች።

ሞድ ቁጡ ናት፤ ሳትጠየቅ ጀመረች። «እኔ እህቴን ስፈልግ ነበር። ማንንም አልገፈተርኩም። ዊልፍን መግፈተር ብፈልግ ገና በሠርጋቸው ቀን እገፈትረው ነበር።»

«በሩስ?»

«ክፍት ከሆነ ክፍት ይቀራል፣ ዝግ ከሆነ ይዘጋል። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ እመቤቴ። የሰው በር ብነካ አባቴ ጆሮዬን ይቆነጥጠው ነበር።»

ራልፍ ታተርሶል ግን ክሊፍን ትከሻውን መታ አድርጎ ነው የተቀመጠው። «አይዞህ ክሊፍ፣ ወንድሜ። ሰው አይደለህም እንዴ? ሰው ይሳሳታል።» ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «እኔ ከምሳ ቤቱ ማዶ ዛፍ ሥር ሆኜ ፒፓዬን ሳጨስ ነበር። ወደ ውሃው ድርሽ አላልኩም።»

«አውቶቡሱ ሲነሳ ጎረቤትዎ አለመኖሩን አላዩም?»

«ኋላ ባዶ ወንበር አለ፤ አኩርፎ እዚያ የሄደ መሰለኝ። ያኮረፈን ሽማግሌ ማን ይቀሰቅሳል?»

«ልክ ነው። የአጥር በር ክፍት ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ጥያቄ አለው! እዘጋለሁ። ጨዋ ሰው በር በርግዶ አይሄድም። በየበሩ ላይ 'በሩን ዝጉ' ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለች። «ተጽፏል። አቶ ኦርመሮድ፣ ሻንጣዎቹን እዚህ ያስገቡልኝ። ሁሉንም ሰው ደግሞ ይጥሩልኝ።»

ክሊፍ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረ። እሱና ራልፍ ብቻ ናቸው በር እንዘጋለን ያሉት። ራልፍ ደግሞ የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው። እንግዲህ ማን ቀረ? የራልፍን ሻንጣ ሲያነሳ ሲባጎው ጣቱን ከረከረው። መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ራልፍ ዙሪያውን በሲባጎ ይጠፍረዋል። ትናንት ሲጫን ክሊፍ «ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የመርከብ ካፒቴን መቅጠር አለብኝ» ብሎ ቀልዶበት ነበር። ራልፍም ስቆ «በወጣትነቴ እዚሁ ሊቨርፑል ወደብ ላይ ዕቃ ሳወርድ ነው የተማርኩት። ዛሬም ጣቴ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም» አለው።

ሁሉም ተሰበሰቡ። በወንበር የተቀመጠም፣ ግድግዳ የተደገፈም ነበር። ኢንስፔክተሯ ቆማ ጀመረች።

«ከዝምታው እንነሳ። አቶ ኦርመሮድ ጎረቤቱ የጎደለበት እንዳለ ጠይቀዋል፤ መልስ አላገኙም። ጥያቄው መልካም ነው። ግን ጎረቤቱ እንዲመጣ የማይፈልግ ሰው ካለ አይሠራም። የአቶ ሃዋርዝ ጎረቤት አቶ ታተርሶል ነበሩ። ኋላ የሄደ መሰለኝ ብለዋል። ሊሆን ይችላል። በዝምታ ብቻ ሰው አይታሰርም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ራልፍ።

«ወደ በሩ እንሂድ። ገበሬዋ ያንን በር ድንጋይ አስደግፋ ሁልጊዜ ክፍት ትተወዋለች፤ በጎቿ ውሃ የሚወርዱት በዚያ ነው። ትናንት በጎቿ መንገዱ ላይ ተሰብስበው ሲጮኹ ሰማች። በሩ ተዘግቶ፣ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠል በነበረው ሲባጎ ታስሯል። የከተማ ሰዎችን እየረገመች ልትከፍት ወረደች፤ አቶ ሃዋርዝን ያገኘቻቸው ያኔ ነው። በሩ ክፍት ቢተው ኖሮ እሷም አትመጣም ነበር። የገደላቸውን ሰው ያጋለጠው ጨዋነቱ ነው።»

ሞድ «የከተማ ሰው!» አለች በጥርሷ መካከል።

«ሟቹ አልዘጉትም። የታሰረው በመንገዱ በኩል ነው፤ እሳቸው የነበሩት በውሃው በኩል ነው። ወይዘሮ ሃዋርዝ አልዘጉትም፤ ከባድ በር ነው፣ ጭቃ ውስጥ የሚጎተት፣ አንድ እጅ ጎትቶ አይዘጋውም፣ ሲባጎም አይቋጥርም። ወይዘሮ ሞድ እንደነገሩኝ ከሆነ አይነኩትም። ግን ሰው ያለው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ስለዚህ ወሬውን ትቼ ቋጠሮውን አመጣሁ።»

ከኪሷ የተቆረጠ ሰማያዊ ሲባጎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ከዚያ የራልፍን ሻንጣ ጎትታ አጠገቡ አቆመችው። ክሊፍ ሁለቱን አየ። አንዱን ቋጠሮ የሠራ እጅ ሌላውንም እንደሠራ ለማወቅ ካፒቴን መሆን አላስፈለገውም።

«ወደ ውሃው ድርሽ አላልኩም ብለው ነበር፣ አቶ ታተርሶል።»



ራልፍ የራሱን ቋጠሮ እንደ ባዕድ ነገር ሲያየው ቆየ። «ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ልነግረው ነው የሄድኩት። ኢኒድ በሰው ፊት እንደዚያ ስትለው ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ኮሊን አልቆመም ነበር፣ ኢኒድ። እኔ ጠጥቼ ነበር። ለጨዋታ ብዬ ጀልባዋን አወዛወዝኳት። 'ተው ራልፍ' እያለኝ።»

ኢኒድ ቀና ብላ አየችው። «ዊልፍ ምን አለህ?»

«'ይህን ሁሉ ዘመን በኔ ላይ ነው ያለቀሰችው' አለኝ። 'ና፣ አሁኑኑ ንገራት' ብሎ እጄን ጎተተኝ። ፈራሁ። ገፋሁት። ያቃስት ነበር። ትቼው ወጣሁና… በሩን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም።»

«እስከዚያ በር ድረስ በደረታቸው ተስበው መጥተዋል» አለች ኢንስፔክተሯ ዝግ ብላ። «እጃቸው የበሩን የታችኛውን አግዳሚ እንደያዘ ነው የተገኙት።»

ራልፍ ወደ ክሊፍ ዞረ። «ስትጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ክሊፍ። እምልልሃለሁ። አንድ ጊዜ ብትደግመው እናገር ነበር።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ክሊፍ ሻንጣዎቹን መልሶ ማንሳት ጀመረ። ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን ስትለብስ አጠገቡ መጣች።

«የመጨረሻውን ሸክም እርስዎ ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። አይቀበሉት።»

«አውቶቡሱ ሲነሳ ዊልፍ በሕይወት ነበር?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። «ሐኪሙ እንደዚያ ያስባል» አለች።

ወደ ቤት ለመመለስ ሲሳፈሩ የወደቡ ሰማይ ጠርቶ ነበር። ክሊፍ ሞተሩን ሳያስነሳ በመተላለፊያው ወረደ፤ እያንዳንዱን ወንበር በእጁ እየነካ፣ እያንዳንዱን ፊት እያየ። በግ ነን እንዴ ያለ አልነበረም። ኢኒድ ከእህቷ ተነጥላ፣ ዊልፍ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። አጎንብሶ ሊያልፍ ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«ጠይቅ፣ ክሊፍ።»

«ኢኒድ፣ ተይኝ እባክሽ።»

«እንደ ወትሮህ ጠይቅ። ትናንት ስትጠይቅ እኔም ዞር ብዬ አላየሁም። አኩርፌ ነበር።»

ክሊፍ ጠየቀ። ድምፁ ከእሷ ወንበር አላለፈም።

«ጎረቤቱ የጎደለበት አለ?»

«እኔ» አለች ኢኒድ። «የኔ የለም።»

ክሊፍ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ የሚቸኩል ግን አልነበረም። እስክትለቀው ድረስ እጅጌውን ይዛው ቆየች።