ለእኔም ተጫኚልኝ

እኛ ቱኒዚያ ውስጥ ስፋቅስ ከተማ ዳር ያለው የወይራ ዘይት መጭመቂያ ሠራተኞች ትምህርት የምንማረው በሳጥን ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ድርጅቱ የደኅንነት ትምህርት በየስልካችን ይልክልናል፤ የምናነብበትም ሰዓት ሰጥቶናል። እኛ ግን ያችን ሰዓት ለሻይና ሐሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ ለተቀባ ዳቦ አደረግናት። ስልኮቻችንን ባዶ የወይራ ሳጥን ውስጥ ሰብስበን ለማሸጊያ ክፍሏ ረፊቃ እንሰጣታለን። ጣቷ ፈጣን ነው፤ የሁላችንንም መልስ ተጫን ተጫን አድርጋ ትጨርሳለች።

«ለእኔም ተጫኚልኝ፣ እህቴ» ይላታል የፓምፕ ሠራተኛው ላዝሀር።

«አንድ ቀን እንኳ ራስህ ብታነበው ምናለበት?»

«ዕድሜ ልካችንን የሠራነውን ሥራ ስልክ ያስተምረን?» ይላሉ ታላቅ ወንድሙ፣ በአክብሮት «አም»፣ አጎት እንደማለት፣ የምንላቸው አለቃችን አም ኸሚስ። እኛም እንስቃለን። ቢሮው ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ ጨርሷል ብሎ ደስ ይለዋል።

አንድ ማክሰኞ፣ ሳጥኑ ረፊቃ ጭን ላይ እንዳለ፣ የወይራ እጣቢ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ፓምፕ ተደፈነ። ላዝሀር «መጣሁ» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ወረደ። ገመድ እንኳ አላሰረም። አም ኸሚስ ከላይ ሆነው ተጣሩ፤ መልስ የለም። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ወንድማቸው መሰላሉ ሥር ተዘርሯል።

ኮታቸውን ወርውረው እግራቸውን መሰላሉ ላይ ሲያደርጉ ረፊቃ ሮጣ መጥታ ወገባቸው ላይ ተጠመጠመች።

«አይውረዱ። አየሩ መርዝ ነው።»

«ልቀቂኝ፣ ወንድሜ ነው!»

«ከወረዱ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«የሁላችሁንም የመለስኩት እኔ አይደለሁ? ይሄን ጥያቄ ስንቴ ተጫንኩት።» ወደ እኛ ዞረች። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? እሳት አደጋ ደውሉ። ማራገቢያውን አምጡ።»

የወይራውን ቅጠል የምናበጥርበትን ትልቁን ማራገቢያ እየገፋን አመጣንና ንጹሕ አየር ወደ ጉድጓዱ ነፋንበት። አም ኸሚስ ተንበርክከው የወንድማቸውን ስም ይጠራሉ። አንድ ክንዳቸውን ረፊቃ፣ አንዱን እኔ ይዘናል። ሰውን ከወንድሙ ይዞ ማስቀረት እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ። ራሴን ጠላሁት፤ ግን አልለቀቅኋቸውም።

ያኔ ረፊቃ ስትሮጥ አጠገባችን የጣለችው ሳጥን ውስጥ አንድ ስልክ ጮኸ። የላዝሀር ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፤ የጉድጓድ ደኅንነት ትምህርትዎን አጠናቀዋል» ይላል።

የእሳት አደጋ ሰዎች ጭንብል አጥልቀው አወጡት። ተረፈ፤ ግን እስከ ዛሬ ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ትምህርቱ እንደገና ሲላክ ሳጥኑ ውስጥ ስልክ ያስቀመጠ የለም። አም ኸሚስ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ፤ «ባልደረባዎ ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ምን ያደርጋሉ?» ከመልሶቹ «ፈጥኜ ወርጄ አወጣዋለሁ» የሚለውን ተጫኑ። ስልኩ ቀይ አሳየ።

«አም ኸሚስ፣ ይሄንንማ ያውቁታል» አለች ረፊቃ።

«አውቀዋለሁ። ልቤ ግን አሁንም የሚለኝ እሱን ነው። ለዚህ ነው ራሴ መማር ያለብኝ» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመሩ።

ወገኖቼ፣ ስልኩ ሲሳሳቱ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ጉድጓዱ አይልም።