ጣትሽን አውሺኝ

ግንበኛው ዓርብ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ እህቱ በአንድ እጇ ብርጭቆ ውሃ፣ በሌላው የልብ ኪኒን ይዛ ራስጌው ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ኪኒኑን ብልቃጡ ውስጥ መልሳ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየው ጀመር።

ሐኪሞቹ አስከሬኑን መርምረው «ደሙ ውስጥ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ነው» ብለው ጻፉ፤ ሌላ አልጻፉም። በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ከምትናገረው የምታየው የሚበልጥ ሴት። እዚያ ቤት ወጥተው የሚገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ እህትየው፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየው ጡረተኛ ሾፌርና እሑድ እሑድ ጠዋት ብቅ የሚለው የሟቹ ልጅ።

ልጁ መርማሪዋን በር ላይ ተቀበላት።

«መቼም ገመና ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። በቀን አራቴ ኪኒን ስታስውጠው አይታወቃትም። ክፋት የላትም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።»

«እሷ ከታሰረች ቤቱስ?»

«ይሸጣላ፣ ምን ይደረጋል? አባቴ ነው እሷ እያለች አይሸጥም ብሎ ድርቅ ያለው።»

እህትየው ማድ ቤት ሆና ሁሉንም ሰማች። መታሰሩም፣ የቤቱ መሸጥም ምንም አልመሰላት። አንድ ነገር ብቻ እረፍት ነሳት፦ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ?

ሾፌሩ ሲጠየቅ አልተግደረደረም።

«ክፍሉን ልቀቅ ብሎኝ ተኮራርፈናል፤ አልደብቅም። ግን በኩርፊያ ሰው ቢገደል ኖሮ፣ ሚስቴ እኔን በሠርጋችን ሳምንት በገደለችኝ ነበር! ይልቅ ያ የኪኒን ሰዓት የሚያስታውሰው ታብሌቱ ነው ያሰለቸኝ። ቀኑን ሙሉ ይጣራል።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ! ድሮ ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር። እትዬ ለቅሶ ውለው ከመጡበት እሑድ ማግስት ጀምሮ ነው ቀትርም አላስተኛ ያለኝ።»

«ያን እሑድ ቤት የነበረው ማነው?»

«ልጁ እንደ ልማዱ ጠዋት መጥቶ ነበር። እኔም ክፍሌ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ወደ ማድ ቤት ገብታ ከእህትየው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ታብሌቱ የታለ፣ እናቴ?»

«ልጁ ለማስታወሻ ልውሰደው ብሎ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። እንቢ አልኩት። የወንድሜ ድምፅ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ደብቄዋለሁ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከዱቄቱ ጣሳ ውስጥ የታፈነ የወንድ ድምፅ ተጣራ፦ «እቴ፣ ኪኒኔን!»

መርማሪዋ ክው አለች። እህትየው ግን ብድግ ብላ ብርጭቆ ሞላች፣ ብልቃጡን አነሳች፣ ከዚያ መሄጃ አጥታ እዚያው ቆመች። ጊዜው ቀትር ነበር።

«በቀን ስንቴ ይጠራዎታል?»

«አራቴ። እኔ ወረቀት አላውቅ፤ ድምፁን ታብሌቱ ውስጥ ቀርፆ ‹ስጠራሽ ስጪኝ› አለኝ፣ ሲጠራኝ እሰጠዋለሁ። ሰሞኑን ‹ሐኪሞቹ ኪኒን ጨመሩብኝ እንዴ?› ሲለኝ፣ ‹አንተው ጠርተኸኝ አንተው ትጠይቀኛለህ?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

መርማሪዋ የሐኪሙን ወረቀት ገለጠች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይላል። ጮክ ብላ አላነበበችውም።

«ጥሪውን ራሱ ጨምሮት ቢሆንስ?»

«በየትኛው ጣቱ? ሲሚንቶ የጨረሰው ጣት ነው፤ መስታወቱ አያውቀውም። ሊነካው ሲፈልግ ‹እቴ፣ ጣትሽን አውሺኝ› ይለኝና፣ ጣቴን እንደ እርሳስ ይዞ ይነካበታል። የሠራቸውን ቤቶች ፎቶ እናይ ነበር።»

«ይህ ብልቃጥ መቼ ተጀመረ?»

«ለቅሶ በዋልኩ ማግስት፣ ሰኞ። በረከት ገብቶበታል መሰለኝ፣ አልቀነስ አለኝ።»

መርማሪዋ ኪኒኖቹን ሳህን ላይ ገልብጣ ቆጠረች። ብልቃጡ ስልሳ ይይዛል። የቀሩት አርባ ነበሩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ከጣቱ እንጀምር» አለች። «ሟቹ ያለ እህቱ ጣት ይህን መንካት አይችልም። ሁለቱ ጥሪዎች የተጨመሩት ደግሞ እሷ በሌለችበት እሑድ ነው። ስለዚህ እሱም አይደለም፣ እሷም አይደለችም።»

ሾፌሩ ብድግ አለ። «በቃ፣ እኔ ላይ ወደቀ!»

«እርስዎ ቢሆኑ ጥሪው መብዛቱን ራስዎ አይነግሩኝም ነበር። አሁን ብልቃጡ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ አሥራ አንድ ቀን ነው፤ በቀን አራት ሲባል አርባ አራት። አሥራ ስድስት ሊቀር ሲገባው አርባ አገኘሁ። ቶሎ አልቆ እህትየው እንዳትጠይቅ የሞላው ሰው አለ። የፋርማሲዋ ሠራተኛ አባትየው ከመሞቱ በፊት በነበረው እሑድ ለልጁ ሌላ ብልቃጥ ሸጫለሁ ብላለች።»

«ለመጠባበቂያ ነዋ!» አለ ልጁ።

«ይሁን። ሐኪሞቹ ‹ከልክ በላይ› አሉ እንጂ ቁጥር አልጻፉም። አንተ የምትመጣው እሑድ ጠዋት ብቻ ነው፤ የቀትሩን ጥሪ አልሰማህም። ታዲያ እኔ ደጃፉን ሳልረግጥ ‹በቀን አራቴ› ያልከኝ ማን ነግሮህ ነው?»

«አክስቴ ናታ! አክስቴ፣ ነግረሽኝ አልነበር?»

እህትየው ቀና ብላ አየችው። «ከሞተ ወዲህ ታብሌቱን አምጪ ከማለት ሌላ ያናገርከኝ ነገር አለ?»

ልጁ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየ። «አባቴ ‹እኔ እስክሞት አይሸጥም› አለኝ» አለ በመጨረሻ። ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

መርማሪዋ ታብሌቱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እጁ ግን የኔ ነው» አለች እህትየው።

«ወንድምዎ ጣትዎን ሲዋስ አስፈቅዶ ነው። ልጁ እጅዎን ሳያስፈቅድ ወሰደ። በደሉ እጅዎን የወሰደው ሰው እንጂ የእርስዎ አይደለም።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች። «ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ታብሌቱን እመልስልዎታለሁ።»

«አራቱን ጥሪ አልፈልግም። የሱን ሁለቱን ብቻ።»

ያን ጊዜ ከቦርሳው ውስጥ ድምፁ ተጣራ፦ «እቴ፣ ኪኒኔን!»

ቀትር ነበር። እህትየው ከወንበሯ አልተነሳችም።