መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው መስመር

መብራቱን ያጠፋችው ራሷ ናት።

ብሬከሩ በኔትወርክ ክፍሉ በረንዳ ላይ፣ ክዳኑ በተሰበረ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። በአውራ ጣቷ ወደ ታች ጫነችው። ከግድግዳው ወዲያ የራውተሩ ድምፅ ቆመ። ጥቂት ጠብቃ መልሳ ወደ ላይ አነሳችው። መካነ ሰላም ውስጥ መብራት ሄዶ ቢመጣ ማን ይገረማል?

የምሳ ሰዓት ነው። የገበያም ቀን። ግቢው ጭር ብሏል፤ ዘበኛው እንኳ በርበሬ ሊገዛ ወርዷል። አስቀድማ ባስቀረጸችው ቁልፍ ከፍታ ገባች፣ ከውስጥ ቆለፈች፣ አሮጌ ኮምፒውተር በተከመረባት የዕቃ ጓዳ ውስጥ ተሸሸገች።

አሁን አንድ ሰው ይመጣል።

መምጣት አለበት።

በኮሌጁ ስሟ ሙሉሐረግ ነው፤ የኔትወርክ አስተዳደር ጀማሪ ተማሪ። ስሙ በማይጠራ አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ግራዋ» ይሏታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠይቃት የለም፤ እኛም አንጠይቃትም።

ወጥመዱን ያስተማራት መምህር አሕመድኑር ነው፣ ሳያውቅ። ራውተር የነገሩትን ትእዛዝ ወዲያው ይፈጽማል። ሴቭ ካላደረጉት ግን መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። «የዚህን አገር መብራት ታውቁታላችሁ» አለ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ሴቭ ሳያደርግ ከወንበር የሚነሳ ተማሪ፣ ወላሂ፣ ከእኔ ጋር አይስማማም።»

ሁሉም የራሱን ሥራ ሴቭ ያደርጋል። አንድ ሰው ብቻ አያደርግም። ራውተሩ ውስጥ ማንም ተማሪ ያልጻፋቸው ጥቂት መስመሮች አሉ። መብራት ሲሄድ ይጠፋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይገኛሉ። ጸሐፊው ሴቭ የማያደርገው ረስቶ አይደለም። ፍተሻ ከመጣ ገመዱን ነቅሎ ንጹሕ ሰው ለመምሰል ነው። ብልጥ ነው። ግን መብራት በሄደ ቁጥር ራሱ መጥቶ መጻፍ አለበት።

እና አጠፋችለት።

ዓመቱ 2006 ነው። ሳውዲ የእኛን ሰው ጠራርጋ የመለሰችበት፣ ወደ ዓረብ አገር መሄድ የታገደበት ዓመት። የወሎ ቦረና ልጃገረዶች ግን መሄዱን አልተዉም፤ በደላላ፣ በአፋር በረሃ በኩል ይሄዳሉ። ከዚያ ለእናቶቻቸው ስልክ ይደወላል። «ልጅሽ የመን ናት። ብሩን ላኪ።» ከኋላ የልጅቱ ጩኸት ይሰማል። የደወለው ቁጥር የአገር ቤት ነው፤ ፖሊስ ሲከታተለው መካነ ሰላም ላይ ያርፍና፣ እዚህ ሲፈልግ ደላላም የለ፣ ልጅም የለ። አጋቾቹ ሌላ ቦታ ሆነው ይናገራሉ። ድምፃቸው በኢንተርኔት እዚህ ይደርስና ከዚህ ከተማ በሲም ካርድ ይደወላል። ያሉበት ቦታ የሚደበቀው በዚህ ነው። ይህን የሚያሠራላቸውን ሰው እንድታገኝ ላኳት።

የላካት አለቃዋ «ዝግባ» ነው። የስልክ ንግግሩ ሁልጊዜ አጭር ነው።

«ሰውየው መምህሩ ነው። መስመሩን ስታገኚው አጥፊና ነይ።»

«ልጆቹስ?»

«የመን ያለ ሰው የእኛ ሥራ አይደለም።»

የእሷ ሥራ ግን ሆኗል። የተከራየችው ወይዘሮ ፈንታዬ ቤት ነው፤ የክፍል ጓደኛዋ የታደለ እናት ቤት። የታደለ እኅት በዛች ከታገቱት አንዷ ናት። ትናንት ማታ ተደውሎ ነበር፦ እስከ ነገ ወዲያ ብሩ ካልመጣ በዛችን ለሌላ ይሸጧታል። ፈንታዬ በሬዋን ሸጣለች፣ ከቤቷ የቀረው ቆርቆሮው ነው። ስልኩን ዘግታ ሙሉሐረግን «ነይ ብዪ ልጄ፣ አንቺ እንኳ አትራቢብኝ» አለቻት።

የበሩ ቁልፍ ዞረ።

ትንፋሿን ያዘች።

ወንበር ተጎተተ። የጣት ኮቴ በኪቦርዱ ላይ ወረደ፤ ፈጣን፣ የለመደ። አሕመድኑር እንዲህ አይጽፍም። ከዚያ ሽታው መጣ።

ቅርንፉድ።

ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቅርንፉድ የሚያኝክ አንድ ሰው ታውቃለች። ያ ሰው ሁልጊዜ የሚደውልላት «ደሴ ነኝ» እያለ ነው። በጓዳው በር ስንጥቅ አጮለቀች። ቡኒ ጃኬት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ባጅ፦ «የብቃት ምዘና ባለሙያ»። ከሰዓት በኋላ ለሚሰጠው የተግባር ፈተና ከዞን ይመጣል የተባለው መዛኝ።

ዝግባ።

ጽፎ ጨረሰ፣ ቆልፎ ወጣ። አምስት ወር የጻፈችው ሁሉ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የየትኛዋ እናት ብር እንደሞላ፣ የየትኛዋ እንደጎደለ፣ በማን እጅ ሲገባ እንደኖረ አሁን ገባት። አፈረች። ከዚያ ተናደደች። ንዴቱ ይሻላል፣ ያስነሳል።

ራውተሩ ጋ ተቀመጠች። መስመሮቹ አሉ። የወዲያኛው ጫፍ አድራሻም አለ። ፒንግ አደረገችው፤ «አለህ?» ብሎ እንደ መጣራት ነው።

መልሱ ወዲያው መጣ።

አሕመድኑር አንድ ቀን ይህንኑ አሠርቷቸው ነበር። ጅዳ ፒንግ ሲያደርጉ መልሱ ሲጎተት ይመጣል፤ ደሴ ሲያደርጉ ዓይን ሳይርገበገብ ይደርሳል። «ሰው ስላለበት ቦታ ሊዋሽ ይችላል» ብሎ ነበር፣ «መልሱ የሚፈጅበትን ጊዜ ግን ሊያሳጥረው አይችልም።»

ይህ መልስ ባሕር አልተሻገረም።

መልእክቱ ያለፈበትን መንገድ ጣቢያ በጣቢያ አስቆጠረችው። ከመጨረሻው በፊት ያለው ማረፊያ የሚሌ ጣቢያን ስም ይዟል። ሚሌ። እዚሁ አፋር፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ። እናቶቹን «የመን» እያሉ ያስለቅሷቸዋል፤ ልጆቹ ግን ከአገር አልወጡም።

ሴቭ አደረገች።

በሩ ተከፈተ።

«ግራዋ» አለ ዝግባ። አልደነገጠም። «ቀድሞም መብራቱ አላማረኝም።»

«መምህሩ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«መምህሩ ይሆናል። ሪፖርቱን አንቺ ትጽፊዋለሽ።» ሄዶ የራውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ቆመ። «አየሽ? አሁን እዚህ ምንም የለም። ያየሽው ነገር የለም።»

«ያየሁትን አላየሁም አልልም።»

«ሙሉሐረግ የምትባል ሰው የለችም። ትራንስክሪፕቷ ሐሰት ነው። አሠርቼ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በተቀረጸ ቁልፍ የተያዘችው ማን ናት?» ቅርንፉዱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ። «ተፈተኚ። እለፊ። ከዚያ አዲስ አበባ ወንበር አለሽ። ወይ ደግሞ ሌባዋ አንቺ ነሽ። ስልክሽን።»

ስልኳን ሰጠችው። ሌላ ምን ታደርጋለች? ከውጭ የተማሪዎቹ ሁካታ እየቀረበ ነው። ዝግባ ፊቱን አስተካክሎ በሩን ወለል አደረገው፤ ፈገግ ብሎ «ግቡ ልጆች» አለ።

ገቡ። አሕመድኑር ፕሮጀክተሩን አስተካከለ፤ ሁሉም ተፈታኝ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ይታያል። የተነቀለውን ገመድ አይቶ ራሱን ነቀነቀና መልሶ ሰካው። ዝግባ ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። መስመሮቹ እንደጠፉ እርግጠኛ ነው። ራውተር ላይ መጻፍ ያውቃል እንጂ ሴቭ ሳያደርግ የማይነሳውን የዚህን ኮሌጅ ተማሪ ልማድ አያውቅም።

«ሙሉሐረግ» ብሎ ጠራ መምህሩ።

ዝግባ ጥያቄውን ራሱ አነበበ። የሚያነበው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው፤ ሁሉም እያዩት ሌላ ማንበብ አይችልም። «ተፈታኟ ራውተሩ ከሌላ ቦታ ጋር መገናኘቱን ታሳይ።»

«እሺ» አለች።

ትእዛዙን ጻፈች፤ ራውተሩ የያዘው ሁሉ ግድግዳው ላይ ወረደ። የተማሪዎቹ መስመሮች። ከእነሱ በታች፣ ሌሎቹ።

ዝግባ ማኘኩን አቆመ።

«እነዚህን ማን ጻፋቸው?» አለ አሕመድኑር።

«መምህር፣ ይፍቀዱልኝ፣ ፒንግ ላድርገው።» አደረገችው። መልሱ ከች አለ። «ጅዳ እንዲህ ይመልሳል?»

«አይመልስም» አለ ታደለ ከኋላ።

«የመንስ?» አለች።

ጣቢያዎቹን አስቆጠረች። የሚሌ ስም ግድግዳው ላይ ተነበበ።

«ፈተናው አልቋል» ዝግባ ተነሳ። «ውጪ።»

«አልወጣም። ተገናኝቷል ብዬ ሳላሳይ አልወጣም።» ወደ ክፍሉ ዞረች። «ታደለ፣ እናትህ ጋ የሚደውለውን ቁጥር ታውቀዋለህ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው።»

«ደውልበት። ሌላ ሰው ደግሞ ከራውተሩ ጀርባ ያለውን፣ እኛ ያልሰካነውን ሰማያዊ ገመድ ይከተል። ወደ ኮርኒሱ ይወጣል።»

ሁለት ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ወጡ። የኮርኒሱን ጣውላ ገፉት። ሲም ካርድ የተደረደረበት ጥቁር ሣጥን በአቧራው መካከል ብቅ አለ። ታደለ ደወለ። በሣጥኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ ሲዘጋው ጠፋች፣ ሲደውል በራች። ታደለ ከንፈሩን ነክሶ ደጋግሞ ደወለ።

«በዛች ሚሌ ናት» አለች ሙሉሐረግ። «የመን አይደለችም። አንዳቸውም የመን አይደሉም።»

ዝግባ ወደ በሩ ሄደ። ሦስት አራቱ ቀድመው ቆመውበታል። ያን ጊዜ ነው የቀረውን የወረወረው።

«እሷን ነው የምታምኑት? የእኛ ሰው ናት። ከማን ጋር እንደምትበሉ፣ ማንን እንደምትሰድቡ በየሳምንቱ ትጽፍልኛለች። መምህራችሁንም ጽፋዋለች። ጠይቋት።»

አሕመድኑር አያት።

«እውነቱን ነው» አለች። «ጽፌያለሁ። ስሜም ሙሉሐረግ አይደለም። ሣጥኑን ግን እኔ አላስቀመጥኩትም። እሱ ለእኔ የጻፈልኝን መልእክት ሁሉ የያዘው ስልኬ በጃኬቱ ኪስ ነው፤ ሳትለቁት አውጡት።»

አወጡት።

እስከዚያች ቅጽበት ሁሉም እሷን ያዩ ነበር፤ አሁን ግን ማንም ወደ እሷ አያይም። አሕመድኑር መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

«መጀመሪያ ልጆቹ» አለ። ወንድሙ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ደወለለት። ሹፌር ደግሞ በዚያ መንገድ ያለውን ግቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማታ ማታ የሴት ልቅሶ የሚሰማበትን አጥር የማያውቅ የለም፤ የሚያምነው ጠፍቶ እንጂ። በማግስቱ ሹፌሮቹ መኪኖቻቸውን በዚያ በር ላይ ደርድረው ሞተር አጠፉ። መንገድ ልቀቁ ሲባሉ «ልጆቻችን ይውጡ፣ እንለቃለን» አሉ። የጅቡቲ መንገድ ተዘግቶ ሲውል ፖሊስ ምን ምርጫ አለው? በሩን ከፈተው።

ያ ግን በማግስቱ ነው። በዚያ ቀን፣ ተማሪዎቹ ዝግባን ከበው ፖሊስ ሲጠብቁ፣ እሷ በበረንዳው ወጣች። አሕመድኑር ተከተላት።

«ስለ እኔ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጠርጥሬዋለሁ ብዬ።»

«አሁንስ?»

«አፍራለሁ።»

«ሂጂ» አለ። «በኋላ በር ውጪ። ፖሊሱም የማን እንደሆነ አናውቅም።»

ሄደች። መሥሪያ ቤቱ ስሟን ከሰነዱ ፋቀው፤ ከዳተኛ ናት ተባለ። ዝግባን የወረዳ ፖሊስ ወሰደው፤ ከዚያ ወዴት እንዳሻገሩት የሚናገር ሰው የለም። ለእሷ ወንበርም፣ ደመወዝም፣ የምትመለስበት ቤትም አልቀረላትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአጎራባቹ ወረዳ፣ በከላላ ገበያ ውላለች። ጥቁር ጅልባብ ለብሳለች፤ ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም። ሽንኩርት ልትገዛ ስታጎነብስ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። ፈንታዬ ናት። እዚህ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ሴቶች ከበዋታል። አጠገቧ ከስታ፣ ራሷን ተላጭታ፣ ሙዝ እየላጠች የምትበላ ልጅ ተቀምጣለች። ፎቶዋን አምስት ወር ግድግዳ ላይ አይታዋለች። በዛች።

«እግዜር ይስጣቸው ሹፌሮቹን» ትላለች ፈንታዬ። «ያቺን ግን፣ ያቺን ጆሮ ጠቢ። እጄ ላይ በልታ፣ አጠገቤ ተኝታ፣ ልቅሶዬን እየጻፈች የሸጠችኝን።»

«ታደለ እሷ ናት ያወጣቻት ይላል» አለች በዛች ቀስ ብላ።

«ታደለ የዋህ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ።» ፈንታዬ መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች። «የገባችበት ቤት አይሙቃት። እናቴ ብላ የምትጠራው ሰው ትጣ።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

ፈንታዬ ዞር ስትል ሽንኩርቱ ላይ ያጎነበሰችውን ባለ ጅልባብ አየቻት። «አንቺስ እኅቴ? እናት አይደለሽ? አሜን በይልኝ እንጂ።»

በዛች ሙዙን ጨርሳ ሌላ ላጠች። ጣቶቿ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ፤ ግን እየበላች ነው፣ እናቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ።

ትርገመኝ፣ አለች በልቧ። አሁንም ቢሆን እዚያው ወንበር ላይ ብቀመጥ፣ ሴቭ አደርገዋለሁ።

«አሜን» አለች።

የሽንኩርቷን ሂሳብ ከፈለችና ወደ ሚኒባሶቹ ሄደች። ረዳቱ ወዴት ነሽ ሲላት ቀድሞ የሚሞላው የቱ ነው አለችው፣ እሱ ውስጥ ገባች።